ኢንተርስቴላር አካላት

ኢንተርስቴላር አካላት በሌላ ኮከብ ዙሪያ ተወልደው ከቤታቸው የተባረሩ፣ በከዋክብት መካከል ሲንከራተቱ ኖረው በሥርዓተ ፀሐያችን የሚያልፉ ዐለቶችና ጅራታም ኮከቦች ናቸው። በእርግጠኝነት የተለዩት ሦስት ናቸው።

የሚታወቁት በመንገዳቸው ነው። የፀሐይ ተወላጅ በሞላላ ምህዋር ዞሮ ይመለሳል፤ እንግዳው ግን ፍጥነቱ ፀሐይ ከምትይዘው በላይ ስለሆነ አቅጣጫውን ብቻ አጥፎ ይሄዳል። ምህዋር ክፍት መሆኑ የሚታወቀው ኤክሰንትሪሲቲ የተባለው ቁጥር ከ1 ሲበልጥ ነው። ከ1 ጥቂት መብለጥ ብቻውን ግን አያስፈርድም፤ የራሳችን ጅራታም ኮከቦችም በጁፒተር ስበት ተገፍተው ሊወጡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው፣ ኦሙአሙአ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. በሃዋይ ፓን ስታርስ ቴሌስኮፕ ሲታይ ፀሐይን ካለፈ 40 ቀን ሆኖት ነበር። ኤክሰንትሪሲቲው 1.2 ገደማ ነው። ጅራት ሳይታይበት ከስበት ሌላ በሆነ ኃይል በትንሹ መገፋቱ ብዙ አከራከረ። የሌላ ዓለም ፍጡራን መርከብ ነው ያሉም አልጠፉ፤ ከውስጡ የሚወጣ ጋዝ ግን በቂ ማብራሪያ ይመስላል።

ሁለተኛውን ነሐሴ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ያገኘውና ስሙን የሰጠው ጌናዲ ቦሪሶቭ ነው፤ ክሪሚያ ውስጥ፣ ራሱ በሠራው 65 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ። ኤክሰንትሪሲቲው 3.36 ሲሆን በካርቦን ሞኖክሳይድ የበለጸገ ጅራታም ኮከብ ነው። የመጣው ከካሲዮፒያ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ ነው፤ ካሲዮፒያ ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት። ሦስተኛው፣ አትላስ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ቺሊ ላይ ተገኘ፤ ኤክሰንትሪሲቲው ከ6 ይበልጣል፣ ከፀሐይ ስበት ርቆ ሳለ ፍጥነቱ በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ነበር።

ከኢትዮጵያ ሆነን ስናይ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የተገኙት በክረምት፣ የጎንደር ደጋ በደመና በሚሸፈንበት ወቅት ነው። ሆኖም ቦሪሶቭ ለፀሐይ የቀረበው ኅዳር 28 ቀን 2012፣ አትላስም ለምድር የቀረበው (270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ) ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሁለቱም በበጋ ነው። በዓይን ግን አይታዩም፤ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ጉድለታቸው የአዲስ አበባ መብራት ቅርብ መሆኑ ነው። ከሊማሊሞ ሥር ያለችው ድብ ባሕር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ተራራ ካልከለለ በቀር፣ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ይታይባታል።

ኬንትሮስም ቁም ነገር ነው። የኦሙአሙአ ብርሃን በ8 ሰዓት ገደማ ውስጥ እስከ 10 እጥፍ ይለዋወጥ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ለመረዳት ያለማቋረጥ መከታተል ያሻል። ሃዋይ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ አንዱ ማየት ሲያቅተው ሌላው ሊቀጥል ይችላል።