ቀዩ አፈርና የጥንቸሏ ሊምፍ

በእኛ ጊዜ ዝሆኔ ሲባል የምንሸመድደው ትንኟንና የፊላሪያን ትል ነበር። መቱ ተመድቤ ስሄድ ግን እግራቸው ያበጠ ገበሬዎች የሚመጡት ከጎሬ፣ ከሁሩሙና ከያዮ ነው። ጎሬ እኮ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የዚያች ትንኝ አገር አይደለችም። ቤተሰብ ደግሞ የራሱ መልስ አለው፦ እርግማን ነው፣ ዘር ነው። በዚህ ሰበብ የቀረ ጋብቻ ስንቱ!

መልሱን ከአፈር ውስጥ የፈለጉት ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት ዝናባማ ደጋ መሆኑን አሳዩ። በ1978 ከሄንደርሰን ጋር በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የተወሰደ የሊምፍ ቲሹ መርምረው የአፈሩን ሲሊከንና አሉሚኒየም እዚያው ንፍፊት ውስጥ አገኙ።

ነገር ግን ከሰው የተወሰደ ንፍፊት ፍጻሜውን እንጂ መንገዱን አይናገርም። አፈሩ እዚያ ተገኘ ማለት አፈሩ አሳበጠው ማለት አይደለም። ስለዚህ ፋይፍና ፕራይስ የሲሊካ ብናኝ በጥንቸሎች የሊምፍ ቱቦ ውስጥ ከተቱ። በ1985 ያሳተሙት ውጤት እንዳሳየው የቱቦው ግድግዳ ጠባሳ ይዞ ጠበበ፣ ተዘጋ።

እንዲህ ያለ ስስ ግድግዳ በማይክሮስኮፕ የሚነበበው ቲሹው ሳይበላሽ ከተያዘ ነው። ደም ሲቆም ሕዋስ ወዲያው ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ፎርማሊን ደግሞ ከውጭ ሲነከር ቀርፋፋ ነው፤ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ቢገባ ነው። (ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብሉም በ1893 ፎርማሊንን ለቲሹ ማቆያ ያሰበው የገዛ ጣቶቹን ቆዳ ሲያደርቅበት አይቶ ነው።) ለዚህ በቤተ ሙከራ የተለመደው ዘዴ እንስሳው በማደንዘዣ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ እያለ፣ ልቡ ገና ሲመታ፣ በግራው የልብ ክፍል መርፌ አስገብቶ ደሙን በጨው ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው መስመር ፎርማሊን መስደድ ነው። መድኃኒቱ ደም በሚሄድበት ሁሉ ይደርሳል። እንስሳው አይነቃም፤ ሕመሙንም አያውቅም። ማደንዘዣው በቂ ካልሆነ ግን ሥራው ጭካኔ ነው፤ በዚህ ድርድር የለኝም።

ይሄ የምርምር ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። መቱ ሳለሁ ከአንድ ጤና ተቋም የመጣ ናሙና በጠባብ ብልቃጥ ተጠቅጥቆ ነበር፤ ፎርማሊኑ የቲሹውን አሥር እጥፍ መሆን ሲገባው በቅጡ እንኳ አልሸፈነውም። ፓቶሎጂስቱ «መሃሉ በስብሷል» ብሎ መለሰው። ሴትዮዋ ንፍፊቷ ቲቢ ይሁን ካንሰር ሳይታወቅ ሁለተኛ ጊዜ ቢላ ሥር ገባች።

ፕራይስ በሽታውን በ1988 ፖዶኮኒዮሲስ አሉት። ጥንቸሏ ያልመለሰችው ጥያቄ ግን ቀረ፦ አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ካደጉ ወንድማማቾች ለምን አንዱ ብቻ? በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ተጋላጭነቱ ከበሽታ መከላከያ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳተሙ። የጎሬ ሽማግሌዎች «ዘር ነው» ሲሉ ግማሹን ይዘውት ነበር ማለት ነው። ያ ዘር ያለበት ልጅ ግን ከትንሽነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን በሳሙና ከታጠበ በሽታውን መከላከል ይቻላል።