ሉባንጃና ቤንዚን

ሉባንጃን የማያውቅ አለ? ቡና ሲፈላ ከሰሉ ላይ ጣል ትደረግና ቤቱን ታውደዋለች። ቤንዚንንም የማያውቅ የለም። ሁለቱ በስም ዘመዳሞች ናቸው ብንላችሁ ግን “እነዚህ ልጆች ደግሞ ምን ነካቸው?” ማለታችሁ አይቀርም። ታገሱንማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐረቦች ከሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች የሚመጣውን መዓዛማ ሙጫ “ሉባን ጃዊ” ይሉታል፤ የጃቫ ዕጣን ማለት ነው። እኛ ሉባንጃ አልነው። አውሮፓውያን ደግሞ የፊተኛዋን “ሉ” ከገዛ ቋንቋቸው የገባች ትርፍ ቃል መስላቸው ቆርጠው ጣሏት፤ ስሙም እየተንከባለለ “ቤንዞይን” ሆነ። በ1833 (ዓ.ም. ካላልን በቀር ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) ጀርመናዊው ኬሚስት አይልሃርድ ሚቸርሊሽ ከዚሁ ሙጫ የሚገኘውን አሲድ ከኖራ ጋር አግሎ አንድ ፈሳሽ አወጣና “ቤንዚን” ብሎ ሰየመው። ፈሳሹ ግን አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1825 ለመብራት ይውል ከነበረ ጋዝ ዝቃጭ ውስጥ ለይቶት ነበር።

ኋላ ጀርመኖች ኬሚካሉን “ቤንዞል” አሉትና “ቤንዚን” የሚለውን ስም ለመኪና ነዳጅ ተዉለት። በእኛም አገር፣ የመጀመሪያዋ መኪና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ነዳጁ ከነስሙ ለመደ። እኛም እንዳንደናገር የሚቸርሊሽን ፈሳሽ ቤንዞል፣ የማደያውን ቤንዚን እያልን እንቀጥል።

ቤንዞል ሲያዩት የዋህ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታው ጣፋጭ ነው፣ ከውሃ ይቀላል፣ በ80 ዲግሪ ይፈላል። ብርዱ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ተኑ በአንዲት የእሳት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ራቅ ያለ ምድጃ ድረስ ይሄዳል። ቅባት፣ ሙጫና ጎማ ያሟሟል። ያስወደደውም ይኸው ችሎታው ነው። ሰዎች ለሽታው ሲሉ ጢም ከተላጩ በኋላ ፊታቸውን ተቀብተውታል። የብሬመኑ ቡና ነጋዴ ሉድቪግ ሮዜሊዩስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካፌይን የሌለበትን ቡና ለገበያ ሲያቀርብ፣ ካፌይኑን አጥቦ ያወጣው በቤንዞል ነበር። ቡና በቤንዞል! እናቶቻችን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

መርዝነቱን መጀመሪያ በገዛ ደማቸው ያወቁት ግን ሠራተኞች ናቸው። በ1897 ስዊድናዊው ሳንተሶን በብስክሌት ጎማ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ አራት ሴቶች ደም የማመንጨት አቅማቸው ተሟጦ መሞታቸውን ጻፈ። ጎማው የሚሟሟው በቤንዞል ነበር። ዓለም ግን ቶሎ አልሰማም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የኢስታንቡሉ ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ በጠባብና አየር በማይገባባቸው ክፍሎች ቤንዞል ባለው ማጣበቂያ ጫማ የሚሠሩ ሰዎችን መከታተል ያዘ። በ1974 ባሳተመው ጥናት ከ28,500 ጫማ ሠሪዎች መካከል ከ1967 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት 26ቱ በደም ካንሰር ወይም በዋዜማው መያዛቸውን አሳየ። ማጣበቂያው ሲቀየር የታማሚው ቁጥርም ቀነሰ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹን ያዳናቸው “ተጠንቀቁ” የሚል ምክር ሳይሆን የዕቃው መለወጥ ነው።

ገዳይነቱ እንዴት ነው ካላችሁ፣ የተነፈስነውን ቤንዞል ጉበት ወደ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይለውጠዋል። እነሱም ደም የሚመረትበትን የአጥንት መቅኒ ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤንዞል “ይህን ያህል ምንም አይል” የሚባል መጠን የለም ይላል።

“ታዲያ እኛን ምን አገባን?” እንዳትሉ፤ ቤንዞል በማደያው ቤንዚን ውስጥም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2000 ጀምሮ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ የደነገገው ለዚህ ነው።

እስቲ ወደ ደቡብ ኦሞ እንውረድ። ሃና የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ናት። የኦሞ ኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አካባቢው መኪና፣ ማሽንና እንግዳ ለምዷል። እንደ ጂንካና ሃና ባሉ፣ ነዳጅ ከሩቅ በሚመጣላቸው ከተሞች ሞተር ላለው ሰው የሃይላንድ ቤንዚን ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ትናንት ውሃ የተጠጣበት ጠርሙስ ዛሬ ቤንዚን ይሞላል። ከበርሜል ወደ ጀሪካን ሲገለበጥ ጎማውን በአፍ የሚስብ አይጠፋም። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ የግራሶ እጅ የሚታጠበው በዚሁ ነው።

“ጠርሙሱ ላይ ይጻፍበታ!” ይባል ይሆናል። ሃና ግን የቦዲው፣ የሙርሲው፣ የዲሜውና የኮንሶው መገናኛ ናት። የአማርኛ ጽሑፍ ለስንቱ ይነበባል? ጠርሙሱ ራሱ “ውሃ” እያለ ወረቀቱ “መርዝ” ቢል፣ የጠማው ሕፃን የሚያምነው ጠርሙሱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ዕቃው ነው። ቤንዚን በውሃ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሰው በሚተኛበትና ምድጃ ባለበት ቤት አይደር፤ በአፍ አይሳብ፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ተሳስቶ የጠጣ ሰው ካለ ደግሞ አስገድዳችሁ አታስመልሱት። ሲወጣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እኛ የአዲስ አበባ ልጆችም ከሩቅ ሆነን አዛኝ አንሁን። የመርካቶን ጎዳና ልጆችና ማስቲሻቸውን እናውቃለን። ጫማ ማጣበቂያዎች ውስጥ በቤንዞል ፋንታ በብዛት የገባው ቶሉይን የቤንዞል የቅርብ ዘመድ ነው። መቅኒን እንደ ቤንዞል ባያጠቃም፣ ለዓመታት ሲሳብ አንጎልን ያበላሻል። እዚያም ቢሆን ልጁን “ተው” ከማለት በፊት፣ ማስቲሹን ለሕፃን የሚሸጠው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሉባንጃዋን ለቡናችሁ አጭሱ። ስም የተዋሰባትን ግን ከጓዳችሁ አርቁት።

ቸር ይግጠመን!