የደረጃ ሊፍት ወንበር አያያዝና ጥገና

ዕድሜያቸው የገፋ፣ እንዲሁም በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ደረጃ መውጣትና መውረድ ያዳገታቸው ሰዎች ባለ ፎቅ ቤታቸውን ሳይለቁ እንዲኖሩ ከሚያግዙ መሣሪያዎች አንዱ የደረጃ ሊፍት ወንበር ነው። ወንበሩ በደረጃው ጠርዝ በተተከለ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር እየተንቀሳቀሰ ተጠቃሚውን እንደተቀመጠ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ያደርሳል።

መሣሪያው ሰው ተሸክሞ በደረጃ ላይ የሚሄድ በመሆኑ በአያያዙ ላይ የሚፈጸም ስህተት ለከባድ አደጋ ሊዳርግ ይችላል። በተለይም ያልተፈቀደ ቅባት መጠቀም ወይም ቅባት በማይገባው ቦታ መቀባት ወንበሩ እንዲንሸራተት፣ አለዚያም ተጠቃሚው በደረጃው መካከል እንዲቀር ምክንያት ይሆናል። በመሆኑም ባለቤቶችም ሆኑ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሰዎች የአያያዙን መሠረታዊ ሕጎች ማወቅ ይገባቸዋል።

አጀማመሩና አሠራሩ

ዘመናዊው የደረጃ ሊፍት ወንበር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ነው። ሲ. ሲ. ክሪስፐን የተባለ የግዛቲቱ ነጋዴ መሣሪያውን የሠራው የታመመ ወዳጁ ከፎቅ ወደ ፎቅ እንዲዘዋወር ለመርዳት ነበር። በአሁኑ ወቅት በአውሮፓ "ኢኤን 81-40"፣ በአሜሪካ ደግሞ "ኤ18.1" በሚል መለያ የሚታወቁ የደኅንነት ደረጃዎች የመሣሪያውን አሠራር ይወስናሉ። በአውሮፓው ደረጃ መሠረት የወንበሩ ፍጥነት በሰከንድ ከ0.15 ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህም ማለት አራት ሜድር ተኩል ርዝመት ያለውን ሐዲድ ለመጨረስ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው።

ወንበሮቹ በአሠራራቸው የተለያዩ ናቸው። አብዛኞቹ በሞተር የሚዞር ጥርሳም ማርሽ በሐዲዱ ላይ የተዘረጋውን የጥርስ ረድፍ እየነከሰ የሚያንቀሳቅሳቸው ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ በሽቦ ገመድ የሚሳቡ ናቸው። ሐዲዱን ግራና ቀኝ አጥብቀው በሚይዙ ተሽከርካሪዎች ሰበቃ የሚንቀሳቀሱም አሉ። ይህን ልዩነት ማወቅ ቅባት ከመግዛት ሊቀድም ይገባል፤ ለአንደኛው ዓይነት መድኃኒት የሆነው ቅባት ለሌላው አደጋ ነውና።

ጽዳት ከቅባት ይቀድማል

የሐዲዱ ዋነኛ ጠላት አቧራ ነው። አቧራ፣ ፀጉርና የምንጣፍ ብናኝ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ሲቀላቀሉ እንደ አሸዋ ወረቀት የሚፍቅ ጭቃ ይፈጥራሉ። ይህም የማርሹን ጥርሶች ቀስ በቀስ ይበላል፤ ተሽከርካሪዎቹንም ያደክማል። በመሆኑም ሐዲዱን በየሳምንቱ በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ በጥርሶቹ መካከል የተጠራቀመውን ቆሻሻ በለስላሳ ቡርሽ ማውጣት ተገቢ ነው። ከጽዳቱ በፊት ወንበሩን በቁልፉ ወይም በማጥፊያው ማጥፋት ያስፈልጋል።

ውኃ በሐዲዱ ላይ ማፍሰስ፣ በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብ ክልክል ነው። ውኃ የኤሌክትሪክ ክፍሎችን ያበላሻል፤ ነዳጆቹ ደግሞ የፕላስቲክና የጎማ ክፍሎችን ከመጉዳታቸውም በላይ በቤት ውስጥ የእሳት አደጋ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ቅባት የት፣ ምን ያህል?

ባለ ጥርስ ሐዲድ ላለው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ወፍራም የሊቲየም ግራሶ ወይም በአምራቹ መመሪያ በስም የተጠቀሰ ሌላ ግራሶ ነው። የዝገት ማስለቀቂያ ሆነው በቆርቆሮ ታሽገው የሚረጩ ቀጫጭን ዘይቶች ግራሶውን አሟሙተው ስለሚያጥቡት ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የምግብ ዘይትም እየቆየ ስለሚለጥፍና አቧራ ስለሚሰበስብ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም።

በሥራው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ መሣሪያው ይጠፋል፤ ከዚያም አሮጌው ግራሶ በጨርቅና በቡርሽ ይነሣል። ቀጥሎ በጥርሶቹ ላይ ራቅ ራቅ ብለው ጥቂት ጥቂት ግራሶ ጠብ ይደረጋል። ይህ ከተፈጸመ በኋላ መሣሪያው ተከፍቶ ማንም ሳይቀመጥበት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲመላለስ ማርሹ ራሱ ግራሶውን ያዳርሰዋል። በመጨረሻም መሣሪያው እንደገና ጠፍቶ የተረፈው ግራሶ ይጠረጋል። ግራሶ ሲበዛ አቧራ ይስባል፤ በደረጃው ላይ ከተንጠባጠበም በእግር የሚወጣውን የቤተሰብ አባል አንሸራትቶ ይጥላል።

በሰበቃ ለሚንቀሳቀስ ወንበር ግን ሐዲዱን ዘይትም ሆነ ግራሶ መቀባት አይፈቀድም። ተሽከርካሪዎቹ ሐዲዱን የሚይዙት ደረቅ በመሆኑ ነው። የቤት ዕቃ ማወልወያ ቅባት እንኳ ሳይቀር ይህን ይዞታ ያላላዋል። የኤሌክትሪክ መሙያ ነጥቦች፣ ሽቦዎችና ማብሪያ ማጥፊያዎችም በማንኛውም ዓይነት ወንበር ላይ ቅባት ሊነካቸው አይገባም። ታሽገው የተሠሩ ኩሽኔታዎችም ከውጭ በሚደረግ ዘይት አይጠቀሙም።

ባትሪው

አብዛኞቹ ወንበሮች እያንዳንዳቸው 12 ቮልት በሆኑ፣ ተያይዘው 24 ቮልት በሚሰጡ ሁለት ባትሪዎች ይሠራሉ። ከሶኬቱ የሚመጣው ኃይል ባትሪዎቹን ለመሙላት የሚውል ሲሆን፣ መብራት ቢቋረጥ እንኳ ወንበሩ ለተወሰኑ ምልልሶች ማገልገሉን ይቀጥላል። ባትሪዎቹ የሚሞሉት አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ በሐዲዱ ጫፍና ጫፍ ባሉት የመሙያ ቦታዎች ላይ ሲቆም ነው። ወንበሩን በደረጃው አጋማሽ ላይ አቁሞ መተው ወይም ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሶኬቱን መንቀል ባትሪዎቹን ያራግፋቸዋል። የእርሳስ ባትሪ ደጋግሞ ከተራገፈ ወይም ባዶውን ከቆየ ኃይል የመያዝ አቅሙን ያጣል።

ወንበሩ ወደ ላይ ሲወጣ ከወትሮው ከዘገመ ወይም በማይቋረጥ ድምፅ ካስጠነቀቀ መጀመሪያ ሊፈተሹ የሚገባቸው ሶኬቱና የመሙያ ነጥቦቹ ናቸው። ባትሪ መቀየር ሲያስፈልግ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊቀየሩ ይገባል። አሮጌዎቹ እርሳስና አሲድ ስላለባቸው ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል የለባቸውም።

የደኅንነት ፍተሻ

በእግር ማሳረፊያው ጠርዝ ላይ የሚገኙት ሴንሰሮች በደረጃው ላይ የተረሳ ጫማ፣ የልጅ መጫወቻ ወይም የቤት እንስሳ ሲነካቸው ወንበሩን ወዲያውኑ ያቆማሉ። ማንም ሳይቀመጥ ወንበሩ በሪሞት ሲንቀሳቀስ ጠርዙን በእጅ ገፋ በማድረግ መቆም አለመቆሙን በየወሩ ማረጋገጥ ይጠቅማል። ቀበቶው በትክክል መቆለፉን፣ ወንበሩ ከላይኛው ፎቅ ሲደርስ ከደረጃው ፊቱን መልሶ መጽናቱን፣ የሐዲዱ እግሮች ከደረጃው ጋር የታሰሩባቸው ብሎኖች አለመላላታቸውንም ማየት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ የሞተሩን ሽፋን መክፈት፣ ፍሬኑንና ከፍጥነት ወሰን በላይ ሲሄድ ወንበሩን የሚይዘውን መቆጣጠሪያ መነካካት የባለሙያ ሥራ ነው። ሰንጣቂ የብረት ድምፅ፣ መንገጫገጭ፣ ወይም ከቆመ በኋላ ወደ ታች መንሸራተት ከታየ ወንበሩ ጠፍቶ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ማንም ሊቀመጥበት አይገባም። ችግር ባይታይም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በሠለጠነ ቴክኒሺያን ሊመረመር ይገባዋል።

ወንበሩ ሰው ይዞ በመንገድ ላይ ቢቆም ተጠቃሚው ቀበቶውን ሳይፈታ መረጋጋት ይኖርበታል። የክንድ ማሳረፊያው መውረዱን፣ ወንበሩ አለመዞሩን፣ ቁልፉ መከፈቱንና በእግር ማሳረፊያው ሥር የተቀረቀረ ነገር አለመኖሩን ረዳቱ ያጣራል። አረጋዊውን ከወንበሩ ላይ ጎትቶ በደረጃው ላይ ለማቆም መሞከር ሁለቱንም ሊጥል ስለሚችል አይመከርም። በአሜሪካና በአውሮፓ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ የሚገኙ ኢትዮጵያውያንም ሥራ በጀመሩበት ቤት ውስጥ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውንና የድርጅቱን የጥሪ ቁጥር አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቀማሉ።

ወደ አገር ቤት ለሚልኩ

ለወላጆቻቸው ያገለገለ ወንበር ከውጭ ለመላክ የሚያስቡ ወገኖች ሦስት ነገሮችን ሊያጤኑ ይገባል። አንደኛ፣ በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ ኃይል 120 ቮልት ሲሆን በኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ቻርጀር በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ቀጥ ያለ ሐዲድ ተቆርጦ ለሌላ ደረጃ ሊስማማ የሚችል ሲሆን፣ ጠመዝማዛ ሐዲድ ግን ለአንድ ደረጃ ብቻ ተለክቶ የሚሠራ በመሆኑ ለሌላ ቤት አይሆንም። ሦስተኛ፣ የመለዋወጫ ዕቃና የሚተክለው ባለሙያ መኖሩ አስቀድሞ ሊረጋገጥ ይገባል። ሊፍት በሌላቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ደረጃው የሁሉም ነዋሪ መተላለፊያና የአደጋ ጊዜ መውጫ ስለሆነ ያለ ነዋሪዎቹ ስምምነትና ያለ በቂ የመተላለፊያ ስፋት ወንበር መትከል አይቻልም።

በጥቅሉ የደረጃ ሊፍት ወንበር የማያቋርጥ ክትትል የሚሻ መሣሪያ ነው። በሳምንት የጥቂት ደቂቃ ጽዳት፣ በመመሪያው የታዘዘ ጥቂት ግራሶና ዓመታዊ ምርመራ ከተሟሉለት አረጋውያን በገዛ ቤታቸው ያለ ስጋት እንዲወጡና እንዲወርዱ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።