የዴር ሡልጣን ይዞታና የአደራ ሕግ

ርስት በአገራችን ጥንታዊ ልማድ የአንድ አባት ተወላጆች ሁሉ ድርሻ የነበራቸው መሬት ነው፤ የገዳም ሀብት ግን ለዘር አይከፈልም። መነኰስ ይገለገልበታል፣ ይጠብቀዋል፣ ለተከታዩም ያስረክበዋል። ስለዚህ ባለቤትነቱ የማኅበር፣ አያያዙም የአደራ ነው።

በኢየሩሳሌምም ይህን የሚመስል ሕግ አለ። በእስላሞች ሕግ ወቅፍ የተባለ ሀብት አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ናዝር የሚባል ጠባቂ ያስተዳድረዋል፣ ፍሬው ግን ለተወሰነለት ወገን ይውላል። እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ከከተማዪቱ ቅጥር ውጭ ያሠሩአቸው ቤቶች ለኢትዮጵያውያን ጥቅም የቆሙት በዚህ መንፈስ ነው።

ሆኖም አደራ ያለ ሰነድ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1838 በደረሰው መቅሠፍት በዴር ሡልጣን የነበሩት መነኰሳት አለቁ፤ መጻሕፍታቸውም ተቃጠሉ። በ1852 የወጣው የቱርክ ሡልጣን ፈርማን ደግሞ በቅዱሳት መካናት ያለው ይዞታ እንዳለ እንዲጸና አዘዘ፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፍን የያዘ ወገን በክርክሩ በረታ።

በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ኢትዮጵያውያን የአርባዕቱ እንስሳንና የቅዱስ ሚካኤልን ጸሎት ቤቶች ቁልፍ ለወጡ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብፃውያን ቅብጦች እንዲመለስ ፈረደ፤ ነገር ግን መንግሥቱ ነገሩን እንዲመረምር ጊዜ ሰጥቶ አፈጻጸሙን አቆየ። ኢትዮጵያውያን በይዞታቸው ቆይተዋል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

እንግዲህ የገዳም ሀብት ጠባቂ ሁሉ በጸሎቱ እንደሚተጋ፣ ሰነዱንም ጽፎ፣ አባዝቶ፣ በሁለት ስፍራ አኑሮ ለሚመጣው ትውልድ ሊያስተላልፍ ይገባዋል።