ዐሥራ ሁለት አውታር ስላለው ጊታር

ጊታር የሚባለው የዜማ መሣሪያ ከኢስጳንያ ተነሥቶ ዓለምን እንደ ዞረ የታወቀ ነው። በየስፍራው የሚታየው ስድስት አውታር ያለው ሲሆን፥ ዐሥራ ሁለት አውታር ያለው ወንድሙ ግን ለብዙ ዘመን በድኆችና በዕውራን፥ በእስረኞችም እጅ ቆይቶ ኋላ የከበረ ነው። የጊታርን ታሪክ ከሚጽፉት አንዳንዶቹ የፋብሪካዎችን ስም አስቀድመው የተጫዋቾቹን በኅዳግ ማስቀመጣቸው ፍርድን ያጐድላል፤ መሣሪያውን ያከበሩት ሠሪዎቹ አይደሉምና።

አውታሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጎን ለጎን ስለ ተወጠሩ፥ ለተጫዋቹ ጣት ስድስት ብቻ እንደ ሆኑ ይቈጠራሉ። ቀጫጭኖቹ ሁለት ጥንዶች ድምፃቸው አንድ ነው። በቀሩት አራት ጥንዶች ግን አንዱ አውታር ወፍራም ሁለተኛው ቀጭን ሆኖ፥ ያንኑ ቃና አንዱ በዝቅታ ሌላው በከፍታ ይሰጡታል፤ ይኸውም ጎልማሳና ሕፃን አንድ ዜማ አብረው እንደሚያዜሙ ማለት ነው። ጥንዶቹ በቅኝት ፍጹም ስለማይገጥሙ ድምፁ ጥቂት ይርገበገባል፤ ውበቱም ይኸው ነው። የበገና ዐሥር አውታር እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ስለ ሆነ፥ የቍጥሩን ብዛት አይቶ ሁለቱን ማመሳሰል አይገባም።

አውታርን ማጣመር አዲስ ነገር አይደለም። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ቪሁዌላ የተባለው የኢስጳንያ መሣሪያ ስድስት ጥንድ አውታር ነበረው፤ ከርሱም በኋላ የነገሠው ጊታር አምስት ጥንድ ነበረው። በ1799 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፌራንዲየሬ የተባለው ኢስጳንያዊ ስለ ጊታር አጨዋወት መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ እንኳ ያስተማረው ስድስት ጥንድ ስላለው ጊታር ነበር። ወዲያው ግን ነጠላ አውታር አሸነፈና ጥንዱ በአውሮፓ ተረሳ። በሜክሲኮና በቴክሳስ ግን ሥሩ አልደረቀም፤ ባሆ ሴክስቶ የሚባለው የዚያ አገር መሣሪያ እስከ ዛሬ በስድስት ጥንድ አውታር ይመታል።

በአሜሪካ ዐሥራ ሁለት አውታር ያለው ጊታር የታየው በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ ነው። በኒው ጀርሲ፥ በጀርሲ ሲቲ የነበረው የኦስካር ሽሚት ፋብሪካ ስቴላ በሚል ስም በርካሽ ዋጋ ይሸጠው ነበር። አውታሩ የብረት ስለ ሆነ በተለመደው ቅኝት ሲወጠር ከመቶ ኪሎ በሚበልጥ ኀይል የጊታሩን አንገት ይስባል፤ ስለዚህም ተጫዋቾቹ ቅኝቱን ወደ ታች አውርደው ይጫወቱ ነበር። ያ የወረደ ቅኝት ከጣውላው ስስነት ጋር ተባብሮ እንደ ደወል የከበደ ድምፅ ወለደ። የጨዋ ሰዎች ማኅበር የናቀውን ይህን መሣሪያ በጆርጂያ፥ በአትላንታ ከተማ ጥቍሮች ዘፋኞች አነሡት። ጥብስ ቤት ምግብ አብሳይ የነበረው ሮበርት ሂክስ በ1927 ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ፤ በዚያው ዓመት ዕውሩ ዊሊ ማክቴል ተከተለው። ይህ ማክቴል በጎዳና እየተጫወተ የኖረ ሲሆን፥ ጣቱ ግን የሊቅ ጣት ነበረ።

ከሁሉ የገነነው ሀዲ ሌድቤተር ነው። በሉዊዚያና ተወልዶ፥ ሰው በመግደል ተከሶ በቴክሳስ ታሰረ። አገረ ገዥው ፓት ኔፍ ምሕረት እንደማይሰጥ ለሕዝብ ቃል ገብቶ የተሾመ ሰው ነበር፤ ነገር ግን የእስረኛውን ዘፈን ሰምቶ በ1925 ምሕረት ሰጠው። በ1930 ደግሞ በሌላ ጥፋት ተፈርዶበት በሉዊዚያና አንጎላ ወህኒ ቤት ገባ። በ1933 ጆን ሎማክስና ልጁ አለን ለኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ዘፈን ሲሰበስቡ በዚያ አገኙትና ድምፁን ቀረጹ። በ1934 ሲፈታ ሁለተኛም በዘፈኑ ተፈታ ተብሎ ተወራ፤ የወህኒ ቤቱ መዝገብ ግን የተፈታው በመልካም ጠባይ ስለ ተቀነሰለት እንደ ሆነ ይናገራል። ወሬው ከመዝገቡ ይልቅ ጣፋጭ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከሎማክስም ጋር በ1935 በገንዘብ ጉዳይ ተጣልተው ተለያዩ። ሌድቤተር በኒው ዮርክ በችግር ኖሮ በታኅሣሥ 1949 ሞተ፤ «ደኅና እደሪ አይሪን» የተባለውን ዘፈኑን ዊቨርስ የሚባሉ ዘፋኞች በ1950 ሲጫወቱት በመላው አሜሪካ አንደኛ ሆነ። ጥቂት ወራት ቢቈይ ኖሮ በዓይኑ ባየው ነበር።

ከዊቨርስ አንዱ ፒት ሲገር የሌድቤተርን አጨዋወት ተምሮ ለወጣቶች አስተማረ። በዚያን ጊዜ ጊታሩ ከገበያ እጅግ ርቆ ስለ ነበር፥ በ1963 መጀመሪያ በአንድ ዘፈን አገሩን ያንቀሳቀሱት ሩፍቶፕ ሲንገርስ መሣሪያቸውን ከጊብሰን ፋብሪካ አዝዘው መጠበቅ ግድ ሆኖባቸው ነበር። በየካቲት 1964 የሪከንባከር ኩባንያ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ባለ ዐሥራ ሁለት አውታር ጊታር ለእንግሊዛዊው ጆርጅ ሃሪሰን በኒው ዮርክ ሰጠው። ሃሪሰን በዚያው ዓመት በፊልም ሲጫወትበት ያየው አሜሪካዊው ሮጀር ማክጊንም እንደዚያው ያለ ገዛ። ማክጊን ከጓደኞቹ ጋር በ1965 መጨረሻ በዚሁ ጊታር እየመራ አንደኛ ያደረገው ዘፈን ሲገር ያዘጋጀው ሲሆን፥ ንባቡ ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 የተወሰደ ነው።