«ይሄ ፓኔል የየት አገር ነው?»

ሞያሌ ላይ ሶላር የምንሸጥ ሰዎች በየቀኑ የምንጠየቀው ጥያቄ አለ፦ «ይሄ የየት አገር ነው?» የቻይና ነው ስንል ደንበኛው ፊቱን ያጠቁራል። የኬንያ ነው ስንል ደግሞ «እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ይስቃል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ዛሬ የዚህን ጥያቄ ታሪክ እንጻፍ ብለናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ከእኛ መንገድ አይርቅም። ከሞያሌ ወደ ደቡብ፣ ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን አልፎ ሜሩ አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሃሮልድ በሪስ እና ማርክ ሃንኪንስ የተባሉ አሜሪካውያን በዚያ አካባቢ በትምህርት ቤቶች ፓኔል መግጠምና ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ነገሩን የያዘው ገበያው ነው። የኬንያ ገበሬ ትንሽ ፓኔልና ባትሪ ከሱቅ በራሱ ገንዘብ እየገዛ አምፖሉንና ቴሌቪዥኑን አበራ።

በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በ1985 ሚቶ በተባለች መንደር 10.5 ኪሎዋት ሶላር ተተከለ። በ2007 በሰሜን ሸዋ ሬማና አካባቢዋ ከ2000 በላይ ቤቶች በሶላር በሩ፤ የባለሙያ ማሠልጠኛም እዚያው ተከፈተ። ኬንያ ውስጥ ሶላርን ያስፋፋው ባለሱቁ ነው፤ ሚቶና ሬማ ግን በፕሮጀክት ነው ያገኙት። ይሁንና በሁለቱም አገር ፓኔሉ የውጭ ነበር።

እዚህ ላይ ፓኔል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ ሲሊከን ይጣራል። ቀልጦ ድፍን ግንድ ይሆናል። እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይቆረጣል፤ ይህ ዋፈር ይባላል። ዋፈሩ ተዘጋጅቶ መብራት የሚሰጥ ሴል ይሆናል። በመጨረሻ ሴሎቹ ተያይዘው፣ መስታወትና የአሉሚኒየም ፍሬም ለብሰው ፓኔል ይሆናሉ። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ የቻይና ድርሻ ከዓለም ምርት ከ80 በመቶ በላይ ነው። «የአገር ውስጥ» የሚባለው ፓኔልም ብዙ ጊዜ አገር ውስጥ የተሠራው የመጨረሻው ደረጃ፣ ማለትም መገጣጠሙ ነው።

ኬንያ ይህን ደረጃ የጀመረችው በ2011 ነው። ኡቢንክ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ከባትሪ አምራቹ ከክሎራይድ ኤክሳይድ ባለቤቶች ጋር ሆኖ ናይቫሻ ላይ ፋብሪካ ከፈተ። ዛሬ ሶሊንክ ይባላል። ሴሉን ከውጭ እያስመጣ የጀመረው ሰው በሚገዛው መጠን፣ በትንንሽ ፓኔሎች ነው።

ኢትዮጵያም በ2013 ሜቴክ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በዓመት 20 ሜጋዋት የሚገጣጥም ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ አስመረቀች። ይሁን እንጂ በ2018 የሜቴክ አመራሮች በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ኮርፖሬሽኑም ተከፋፍሎ እንደ አዲስ ተደራጀ። የፓኔሉ ስም በነጋዴው አፍ ሳይገባ ቀረ። ፋብሪካ ማስመረቅና ገበያ መያዝ ለየቅል ናቸው።

እውነቱን እንናገር፤ እኛም ለዋጋ ስንል ተታለናል። አንድ ጊዜ ጀርባው ላይ «100 ዋት» የተጻፈበት ርካሽ ፓኔል ጭነን መጣን። ከሶሎሎ የመጣ ደንበኛ ከወር በኋላ ተሸክሞ መለሰው። በጠራራ ፀሐይ በቴስተር ስንለካው ወደ 5 አምፔር ተኩል መስጠት ሲገባው 3 እንኳ አልሞላም። የሸጠልን ሰው ስልኩን ዘግቷል። የደንበኛውን ገንዘብ ከዕቁባችን አውጥተን መለስን። ያኔ የገባን ነገር ቢኖር፣ ጥፋቱ የውጭ ዕቃ መሆኑ ላይ አልነበረም፤ ፓኔሉ ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። የአገር ውስጥ ፋብሪካ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ በሩን የምናንኳኳው ሰው አለ።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን እንይ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ለልብስ ስፌት ነበር። ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ ከአጎዋ ስትታገድ ልብስ ለአሜሪካ ማምረት ከበደ። በ2025 ግን ቶዮ ሶላር የተባለ ኩባንያ እዚያው ሴል ማምረት ጀመረ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 2 ጊጋዋት ነው፤ ሜቴክ ካሰበው መቶ እጥፍ ማለት ነው። አሜሪካ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በሚገባ ሶላር ላይ ከባድ ቀረጥ ስለጣለች አምራቾች ሌላ አገር ሲፈልጉ ሐዋሳን አገኙ። ሴሉም በዋናነት የታሰበው ለአሜሪካ ገበያ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሐዋሳ ከሞያሌ ጋር በአንድ አስፋልት የተገናኘች ከተማ ናት። ናይቫሻም በሌላው በኩል፣ ኬንያ ውስጥ ናት። አንዷ ሴል ታመርታለች፤ ሌላዋ ሴል ከውጭ አምጥታ ትገጣጥማለች። እኛ መሐል ላይ ተቀምጠን በሞምባሳ የገባ ኮንቴይነር እንጠብቃለን። በኬንያ በኩል ያለው የሞያሌ መብራት እንኳ ከኢትዮጵያ በሽቦ ይመጣል። የጋራ ኬላችንም በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል። ሽቦው ከተሻገረ ሴሉ የማይሻገርበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን የንግድ ማኅበሮቻችን በሁለቱም በኩል ሊያነሱት የሚገባ ጉዳይ ነው።

እስከዚያው ደንበኛው «የየት አገር ነው?» ሲለን ሦስት ነገር እንመልስለት፦ ሴሉ የት ተሠራ፣ የት ተገጣጠመ፣ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል። ቴስተራችንንም አውጥተን ፀሐይ ላይ ፊቱ እንለካለት።