የውሾች የሚጥል በሽታ

የውሾች የሚጥል በሽታ በአንጎል ሕዋሳት መካከል የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ መልእክት በድንገት ከልኩ እያለፈ ውሻውን ደጋግሞ የሚጥል የነርቭ ሕመም ነው። አንድ ጊዜ መውደቅ ብቻውን ይህን ስም አያሰጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የእንስሳት ነርቭ ሐኪሞች የደረሱበት ስምምነት ግልጽ ቀስቃሽ የሌላቸው ቢያንስ ሁለት መውደቆች ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቀው እንዲታዩ ይጠይቃል።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ውሻ በአመዛኙ ለግቢ ጥበቃ የሚያዝ ሲሆን፣ የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ስለሚገድል፣ አረፋ እየደፈቀ የሚንፈራገጥ ውሻ አበደ ተብሎ ሊገደል ይችላል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ ሕመሞች በአካሄዳቸው ይለያያሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ተንፈራግጦ፣ ሽንቱን ለቆ፣ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ግራ ተጋብቶ ሲንገዳገድ ከቆየ በኋላ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ባለቤቱን ያውቃል። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘው ግን ምልክቱ ከታየበት በኋላ አያገግምም፤ ድምፁ ይለወጣል፣ መንጋጋው ይዝላል፣ አካሉ ይሽመደመዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ የሚጠበቀውም ለዚህ ነው፤ የተነከሰው ሰው ግን ቀኑን ሳይቆጥር ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

መርዝም ያንፈራግጣል። ባለቤት አልባ ውሾችን ለመቀነስ በኢትዮጵያ ከተሞች ሲሠራበት የኖረው ስትሪክኒን ውሻውን እንደ እንጨት ያደርቀዋል፤ የተመረዘው ውሻ ራሱን ሳይስት በድምፅና በንክኪ ደጋግሞ መገተሩ ከሚጥል በሽታ ይለየዋል። ምክንያቱ ያልታወቀው፣ ብዙ ጊዜም በዘር የሚወረሰው የሚጥል በሽታ ዓይነት ደግሞ በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል።

ለሚወድቅ ሰው ክብሪት ጭሮ ማስሸተት የቆየ ልማድ ቢሆንም ለሰውም ሆነ ለውሻ ፈውስ አይሆንም፤ ውሻ ምላሱን ስለማይውጥም እጅን ወደ አፉ ማስገባት ለንክሻ መጋለጥ ብቻ ነው። ከ5 ደቂቃ በላይ የዘለቀ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ የተደጋገመ መውደቅ አፋጣኝ ሕክምና ይሻል። ለሰውም የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ሐኪም ባዘዘው ልክ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሰጥ የመውደቁን ብዛት ይቀንሳል፤ በድንገት ቢቋረጥ ግን የባሰ መንፈራገጥ ያስከትላል።

ሐኪሙ ውሻው ሲወድቅ የማየት ዕድሉ ጠባብ በመሆኑ፣ ባለቤቱ የክትባት ካርዱን፣ የመውደቁን ቀንና የቆየበትን ደቂቃ፣ ከተቻለም በስልክ የተቀረጸ ምስል ይዞ ይቅረብ።